ከአደራ ቤተሰብ ወደ ኮሌጅ፦ በአሜሪካ ያለው የተማሪ ድጋፍ

በአሜሪካ በፎስተር ኬር፣ ማለትም በአደራ ቤተሰብ ወይም በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር ያደጉ ወጣቶች ለኮሌጅ የሚያገኙት ገንዘብ አለ። ብዙዎቹን ከደጅ የሚመልሳቸው የወረቀትና የቀነ ገደብ ጉዳይ ነው።

መነሻው ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የተማሪ ዕርዳታ ማመልከቻ ሲሆን በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። 13 ዓመት ከሞላው በኋላ በማንኛውም ጊዜ በፎስተር ኬር የነበረ ተማሪ ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል፤ ኋላ በጉዲፈቻ ቢወሰድም ይህ አይቀርበትም። የወላጅ ገቢም አይጠየቅም። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፦ ያሳደገው ቤተሰብ በቅንነት የራሱን ገቢ ይሞላል። የአደራ ወላጅ ግን በፋፍሳ ደንብ ወላጅ አይደለም። ገቢው ከገባ በ2025–26 እስከ 7,395 ዶላር የሚደርሰውና የማይመለሰው ፔል ግራንት ሊቀንስ ወይም ጭራሽ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው የቼፊ የትምህርትና ሥልጠና ቫውቸር ነው፤ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር፣ ቢበዛ ለ5 ዓመት፣ ተማሪው 26 እስኪሞላው ድረስ። ገንዘቡ የፌዴራል ቢሆንም የሚያድለው ግዛቱ ስለሆነ መስፈርቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ከ16 እስከ 18 ዓመት ባለው ጊዜ ቢያንስ አንድ ቀን በፎስተር ኬር መቆየትን ትጠይቃለች። በጀቱ ውሱን ነውና የዘገየ አመልካች ብቁ ሆኖም ሊያልፈው ይችላል።

ለሁሉም ማስረጃ ያስፈልጋል። ወጣቱ በ18 ዓመቱም ሆነ ከዚያ በኋላ ከፎስተር ኬር ሲወጣ የልደት የምስክር ወረቀቱን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን፣ የሕክምና መዝገቡንና በፎስተር ኬር እንደነበረ የሚያረጋግጥ ሰነድ መቀበል በፌዴራል ሕግ የተሰጠው መብት ነው። ፋይሉ ሳይዘጋ፣ ጉዳዩን የሚከታተለው የመንግሥት ሠራተኛ (ኬዝ ወርከሩ) ሳይቀየር መጠየቅ ይበጃል፤ ከዚያ ወዲያ ፍለጋው ሳምንታት ይፈጃል፣ ሴሚስተሩም አይጠብቅም።

ከገቡም በኋላ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው በዕረፍት ጊዜ የሚዘጋ ዶርም ነው፤ መሄጃ ቤት የሌለው ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ማደሪያ እንዳለ ከመመዝገቡ በፊት ይጠይቅ። ሌላው ውጤት ነው፤ በብዙ ኮሌጆች አማካዩ ከ2.0 ሲወርድ፣ ወይም ከተመዘገቡት ክሬዲት 67 በመቶው ሳይጠናቀቅ ሲቀር ዕርዳታው ይቆማል። ችግሩን በማስረጃ አስደግፎ ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል። በ1998 በካል ስቴት ፉለርተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ጋርዲያን ስኮላርስና በ2008 በዌስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የሴይታ ፕሮግራም ለእነዚህ ተማሪዎች ተከታታይ አማካሪ የሚመድቡ ናቸው፤ ከገንዘቡ እኩል የሚጠቅመውም ይኸው ነው።

ያለ ወላጅ የመጡ ስደተኛ ልጆች፣ የኤርትራ ልጆችን ጨምሮ፣ በራሳቸው ፕሮግራም ተመሳሳይ ቫውቸር ያገኛሉ። በወላጅ ለተበደሉ ወይም ለተተዉ ልጆች በሚሰጠው ልዩ የታዳጊ ስደተኛ ፈቃድ ብቻ ያለ ወጣት ግን ግሪን ካርዱ እስኪደርሰው ፔል አይሰጠውም፤ ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ሳለ መጀመር አለበት።