አመልማሎ የያዘች እጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ታኅሣሥ 3 ቀን የእመቤታችንን በዓል አራት ኪሎ በሚገኘው በዓታ ቤተ ክርስቲያን ስናከብር ዓይኔ በሴቶች በኩል አንዲት ቦታ ላይ እየተመለሰ አስቸገረኝ። አያቴ መቋሚያዋን ተደግፋ ትቆምባት የነበረች ቦታ ናት። አርባዋ የወጣው በዚያው ሳምንት ነው። ስድስት ልጆች ወልዳ አሳድጋ፣ ደግሞ እንደገና ወላጅ ያጣነውን ሦስት የልጅ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ካረፈች ጀምሮ አንድ ቃል ከልቤ አልወጣ አለ፦ «እጅዋን ወደ አመልማሎ ትዘረጋለች፥ ጣቶችዋም እንዝርትን ይይዛሉ» (ምሳሌ 31፥19)።

የልባም ሴት ምስጋና ከቁጥር 10 እስከ 31 ሃያ ሁለት ቁጥር ነው፤ በዕብራይስጡም እያንዳንዱ ቁጥር በፊደል ተራ ይጀምራል። ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ እናታቸውን እያመሰገኑ እንዲያድጉ ይመስለኛል።

አመልማሎን ዛሬ የሚያውቅ ወጣት ጥቂት ነው። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው በቀጭኑ ሲጠቀለል አመልማሎ ይሆናል። አያቴ አመልማሎውን በግራ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ እንዝርቱን በቀኝ ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች። ቀሚሷ ሁልጊዜ ከሌላው ቦታ ቀድሞ የሚሳሳው በዚያ በቀኝ ጭኗ ላይ ነበር። ክሩ ሲረዝም ከንፈሯ አቡነ ዘበሰማያትን ይደግማል። ሌሊት ተነሥታ ኪዳን ታደርሳለች፣ ከኪዳን መልስ ለምግብ ቤቶች እንጀራ ትጋግራለች፣ ከሰዓት በኋላ ትፈትላለች፤ ልቃቂቱን ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ትሸጣለች። ትምህርት ቤት የሄድነው በዚያ ክር ነው።

አሁን የሚቀጥለውን ቁጥር አንብቡ፦ «እጅዋን ወደ ድሀ ትዘረጋለች»። ያው «እጅዋን»፣ ያው «ትዘረጋለች»! ጠቢቡ ለእንዝርቱም ለምጽዋቱም አንድ ቃል ነው የመረጠው። እኛ ሥራውን ለሥጋ፣ ምጽዋቱን ለነፍስ ብለን ለየብቻ አስቀምጠናል። እርሷ ዘንድ ድንበር አልነበረም። የፈትሉን ገንዘብ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስትመለስ፣ ቋጠሮው ቤት ከመድረሱ በፊት በበዓታ በር ላይ ይፈታል። አንድ ቀን የደብተር መግዣ እንደሌለ ነግራኝ፣ ወዲያው ለአንድ ዓይነ ስውር ስትሰጥ አየሁና ተቆጣሁ። «ልጄ፣ ደብተሩን ነገ እፈትለዋለሁ» አለችኝ።

እመቤታችንም በቤተ መቅደስ ሐርና ወርቅ ትፈትል እንደነበር ከአባቶች ሰምተናል። ሠዓሊዎቻችን ቅዱስ ገብርኤል ሲያበስራት እንዝርት አስይዘው ይሥሏታል። አያቴ በዚያ ሥዕል ፊት ስትቆም ፊቷ ይበራ ነበር፤ «እጇን እዩት፣ እጇን» ትላለች።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። ቁጥር 28 «ልጆችዋ ይነሣሉ፥ ምስጋናዋንም ይናገራሉ» ይላል። እኛ የተነሣነው እርሷ ከተኛች በኋላ ነው። በተዝካሩ ዕለት ሰፊ ድንኳን ተተከለ፣ ፎቶዋ የታተመበት ካናቴራ ለበስን፣ ጾመ ነቢያት ነው እንጂ ሰንጋም ይታረድ ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ከሄደች በኋላ ግን ዓይኗ ደክሞ በየወሩ በ3 «በዓታ አድርሱኝ» ስትል፣ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ነዳጅ የለም፣ በሚቀጥለው ወር እያልን ሁለት ዓመት አሳለፍን። ለተዝካሩ ሦስት መኪና ተከራየን። ከነዚያ ልጆች አንዱ እኔ ነኝ፤ በዐውደ ምሕረት ቆሜ እናትና አባትህን አክብር እያልኩ የማስተምር እኔ።

ፍትሐቱን፣ ቅዳሴውን፣ ለነዳያን የሚሰጠውን አልነቅፍም፤ የአባቶች ሥርዓት ነው፣ ነፍስም ትጠቀምበታለች። ሐዋርያው ግን ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ልጆችን ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጆችንም ለይቶ ጠርቶ፣ መበለቲቱ በሕይወት ሳለች ብድራት መመለስን ይማሩ ብሏል (1ኛ ጢሞ. 5፥4)። «ከእጅዋ ፍሬ ስጡአት» የተባለው ምግብ ስትቀምስ፣ ድምፅ ስትሰማ ነው። በግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ፎቶ ምን ይሰጠዋል? ጎረቤቶቿ፣ እነዚያ አሮጊቶች፣ በድንኳኑ ዳር ተቀምጠው እርሷ ፈትላ የሰጠቻቸውን ነጠላ እያሳዩ ሲያለቅሱ፣ የኢዮጴ ባልቴቶች ዶርቃ የሠራችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ ሲያሳዩ ታወሰኝ። ከእኛ ከልጆቿ መካከል የሚያሳይ ነገር ይዞ የመጣ አልነበረም።

እንግዳው ከተበተነ በኋላ ቅርጫቷን ከፈትኩ። እንዝርቱ ላይ ክሩ በግማሽ ቆሟል፤ በጎኑ ሁለት አመልማሎ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዓይኗ ሳያይ በጣቷ ስትፈትል ከርማለች።

እናቱ ወይም አያቱ በሕይወት ያለችለት ሁሉ፣ ጥር 3 ቀን ሳይነጋ ይዟት ይምጣ። ማድረሻ ያጣ ካለ ቀደም ብሎ ይንገረኝ፤ ከየትኛውም የከተማው ዳር ቢሆን መጥቼ እወስዳታለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።