በስብ የሚሟሙ ቫይታሚኖች በፍራፍሬና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ እንዴት ይለካሉ?

በስብ የሚሟሙት ቫይታሚኖች አራት ናቸው፦ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ። ፍራፍሬና ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ዲ እዚህ ግባ የሚባል መጠን የለውም። ኤም ቢሆን በራሱ መልክ አይገኝም። ያሉት ሰውነታችን ወደ ኤ የሚቀይራቸው እንደ ቤታ ካሮቲን ያሉ ቀለሞች ናቸው። ስለዚህ "ማንጎ ቫይታሚን ኤ አለው" ሲባል የተለካው ካሮቲኑ ነው።

ልኬቱ ገና ቅጠሉ ሲመረጥ ሊበላሽ ይችላል። በእጽዋት ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኬ ዓይነት፣ ኬ1፣ የሚገኘው አረንጓዴው ቀለም ባለበት ነው። የጥቅል ጎመን የውጭ ቅጠል ከውስጠኛው ነጣ ያለ ቅጠል በኬ1 በጣም ይበልጣል። የውጩን ብቻ ቆርጦ የለካ ሰው ስለዚያ ቅጠል እንጂ ስለ ጎመኑ አልነገረንም። ታጥቦ ሳይደርቅ ከተመዘነም ውሃው አብሮ ይመዘናል፤ ቁጥሩም ያንሳል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ሩጫ ነው። ብርሃን፣ አየርና ሙቀት ቫይታሚኖቹን ይጎዳሉ። ናሙናው ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይፈጫል፤ እንዳይበላሽም መከላከያ ይጨመርበታል። ከዚያ አልኮልና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ጠንካራ አልካሊ ገብቶበት ይሞቃል። ይህ ስቡን ወደ ሳሙና ይቀይረዋል፣ አረንጓዴውንም ቀለም ይለያል። ቫይታሚኖቹ እንደ ሄክሴን ባለ ስብ የሚያሟማ ፈሳሽ ተስበው ይወጣሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ፦ ኬ ይህን መንገድ አይችልም፤ አልካሊው ያጠፋዋል። ስለዚህ ለኬ ሌላ ናሙና ተወስዶ ያለ አልካሊ ይሠራል። በአንድ ዝግጅት ሁሉንም ለካሁ የሚል ዘገባ ሳይ መጀመሪያ የማየው የኬን ነገር ነው።

መለያው መሣሪያ ኤችፒኤልሲ ይባላል፤ በፈሳሽና በግፊት የሚሠራ የክሮማቶግራፊ ዓይነት ነው። ፈሳሹ በጠባብ ቱቦ ውስጥ በግፊት ሲያልፍ እያንዳንዱ ውህድ በራሱ ሰዓት ይወጣል። ካሮቲን 450 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ይታያል፤ ኢ ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ በሚረጨው ፍካት ይለካል። ከዚያ መጠኑ ከታወቀ ንጹህ ቫይታሚን ጋር ይነጻጸራል። የዘዴው አመጣጥ ራሱ ደስ ይላል። ሩሲያዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሚካኢል ጽቬት የቅጠል ቀለሞችን የጠመኔ ዱቄት በታጨቀበት ቱቦ ውስጥ አሳልፎ በየቀለማቸው ለያቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1906 ደግሞ ዘዴውን ክሮማቶግራፊ አለው። የተወለደው ከቅጠል ነው ማለት ነው።

100 ግራም ጥሬ ስፒናች ወደ 480 ማይክሮግራም ኬ1 እና ወደ 5,600 ማይክሮግራም ቤታ ካሮቲን አለው። ካሮቲኑ ወደ ቫይታሚን ኤ ሲሰላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ በአሜሪካ በሚሠራበት ስሌት ለ12 ይካፈላል፤ ወደ 470 ማይክሮግራም ይመጣል። በቆየው ስሌት ግን የሚካፈለው ለ6 ነበር፤ ያው ስፒናች ከ930 በላይ ይሆናል። ሁለት ሰንጠረዦች ሲለያዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው በስንት እንደተካፈለ ነው።