«ፊልትሮው ተደፍኗል» ከመባሉ በኋላ፦ ስለ ናፍጣ መኪና የጭስ ማጽጃ ሥርዓት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአውሮፓ የመኪና ጭስን የሚገድበው የዩሮ 5 ደንብ ከ2011 መጀመሪያ አንሥቶ በሁሉም አዲስ የናፍጣ የቤት መኪኖች ላይ ከጸና ወዲህ ጥላሸት የሚይዝ ፊልትሮ የሌለው አዲስ የናፍጣ መኪና ማግኘት አይቻልም ማለት ይቻላል። በ2015 በሁሉም አዲስ መኪኖች ላይ የጸናው ዩሮ 6 ደግሞ የናይትሮጅን ኦክሳይድን ጣሪያ በኪሎ ሜትር ከ180 ወደ 80 ሚሊግራም ስላወረደው፣ በብዙ መኪኖች ላይ የአድብሉ (ጭሱን ለማጽዳት የሚረጭ የዩሪያና የውሃ ፈሳሽ) ታንክ ተጨመረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ነው። ኢጂአር የተባለው ቫልቭ ከተቃጠለው ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ መልሶ እያስገባ የቃጠሎውን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል፤ ካታሊስቱ ያልተቃጠለ ነዳጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያቃጥላል፤ ዲፒኤፍ የሚባለው ፊልትሮ ጥላሸቱን ይይዛል፤ ኤስሲአር የሚባለው ክፍል ደግሞ በአድብሉ አማካይነት የቀረውን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይለውጠዋል። እነዚህ ክፍሎች በአንድ ቱቦ ላይ የተደረደሩ በመሆናቸው የአንዱ ሕመም ምልክት ሌላው ላይ ይታያል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም ምልክቱ የታየበት ዕቃ ተቀይሮ መንስኤው ሳይነካ ሲቀር ነው።

«ኮምፒውተሩ ፊልትሮ ብሏል፤ ስለዚህ ፊልትሮው ይቀየር»

ከሁሉም በላይ ኪስ የሚያራቁተው ይህ እምነት ነው። መኪናው አልስብ ብሎ፣ ቢጫ መብራት አብርቶ ጋራዥ ሲገባ መካኒኩ ማሽኑን ይሰካና ለምሳሌ ፒ 2463 ወይም ፒ 2002 የሚል ኮድ ያነብባል። የመጀመሪያው ጥላሸት ከመጠን በላይ ተጠራቅሟል ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው የፊልትሮው ብቃት ከሚፈለገው ወለል በታች ሆኗል ማለት ነው። ሁለቱም የሚነግሩን ኮምፒውተሩ ምን እንደጠረጠረ ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ግን አይናገሩም።

ኮምፒውተሩ ፊልትሮው ውስጥ ገብቶ አያይም። ያለው መረጃ ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት የሚለካ አንድ ትንሽ ሴንሰር የሚልከው ቁጥርና መኪናው እንዴት ሲነዳ እንደቆየ የሚያሰላው ግምት ነው። ያ ሴንሰር ከጭስ ማውጫው ጋር የሚገናኘው በቀጫጭን ቱቦዎች ሲሆን፣ ቱቦዎቹ ለዓመታት ሙቀት ሲመታቸው ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ አንዳንዴም በጥላሸትና በውሃ ይደፈናሉ። በዚህ ጊዜ ንጹሕ ፊልትሮ እንደሞላ፣ የሞላው ደግሞ እንደ ንጹሕ ሊነበብ ይችላል። ማንኛውም ባለቤት መካኒኩን ሊጠይቀው የሚገባ ቀላል ምርመራ አለ፦ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ማሽኑ ላይ የሚታየው የግፊት ልዩነት ዜሮ ወይም ለዜሮ እጅግ የቀረበ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የሚያልፍ ጭስ የለም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ 20 ወይም 30 ሚሊባር የሚያሳይ ሴንሰር ሲነሣም እውነቱን አይናገርም። ኦርጅናል ፊልትሮ በአውሮፓ ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዩሮ በላይ ሲያስወጣ፣ ሴንሰሩና ቱቦዎቹ ከዚያ ጥቂቱን ክፍል ብቻ የሚያስወጡ ዕቃዎች ናቸው።

ጥላሸቱ በእውነት ሞልቶ ቢገኝ እንኳ «ለምን ሞላ?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። የሚያንጠባጥብ ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ)፣ ክፍት ሆኖ የቀረ ኢጂአር፣ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስድ ቱቦ ላይ ያለ ቀዳዳ፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ፣ እነዚህ ሁሉ ከመጠን በላይ ጥላሸት ወይም ዘይት ወደ ፊልትሮው ይልካሉ። ክፍት ሆኖ የተጣበቀ ቴርሞስታት ደግሞ ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ እንዳይደርስ ስለሚያደርግ ፊልትሮው ራሱን የማቃጠል ዕድል አያገኝም፤ በብዙ መኪኖች ላይ የካንዴሌታ (ሲሊንደሩን የሚያሞቀው ዕቃ) ብልሽት እንኳ ይህንኑ ሥራ ያግዳል። መንስኤው ሳይታከም የገባ አዲስ ፊልትሮ ከወራት በኋላ በዚያው መብራት ወደዚያው ጋራዥ ይመለሳል፤ አሳዛኙ ነገር በዚህ ጊዜ የሚወቀሰው አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው ጥራት መሆኑ ነው።

የኖክስ (ናይትሮጅን ኦክሳይድን የሚለካው) ሴንሰር ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ ይህ ሴንሰር በእውነትም ቶሎ የሚሞት ዕቃ መሆኑ ነው። በውስጡ የሚግል ሴራሚክ ስላለውና ብዙውን ጊዜ ከራሱ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ጋር ተያይዞ ስለሚሸጥ ዋጋው በመቶዎች ዩሮ ነው። ከመግዛት በፊት ግን የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ላይ ጭስ የሚያፈተልክበት ቦታ አለመኖሩን ማየት አይጎዳም።

«አውራ ጎዳና ላይ ግማሽ ሰዓት ቢነዳ ራሱን ያጸዳል»

በዚህ አባባል ውስጥ ግማሽ እውነት አለ፤ ችግሩ ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ተደርጎ መወሰዱ ነው። ጥላሸት በደንብ የሚቃጠለው ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት ሲሆን፣ መኪናው ፊልትሮው መሙላቱን ሲገምት ተጨማሪ ናፍጣ እየረጨ ሙቀቱን ወደዚያ ያደርሰዋል። ይህ ሪጄነሬሽን የሚባለው ሥራ ሲካሄድ ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከወትሮው ከፍ ይላል፣ የነዳጅ ፍጆታው ይጨምራል፣ መኪናው የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩን ራሱ ማጥፋቱን ያቆማል፣ ባለቤቱ ካጠፋው በኋላም የራዲያተሩ ፋን እየጮኸ ይቆያል። በዚህ መካከል ደጋግሞ ሞተር ማጥፋት ሁለት ጉዳት አለው፦ ጥላሸቱ ሳይቃጠል ይቀራል፤ ለማሞቂያ ከተረጨው ናፍጣ ከፊሉም በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የዘይት መለኪያውን አውጥቶ ዘይቱ ከመቀነስ ይልቅ ጨምሮ ያገኘ ሰው ሊደሰት አይገባም፤ ናፍጣ ያቀጠነው ዘይት ሞተሩን በአግባቡ አያለሰልስምና።

መብራቱ ቢጫ ሆኖ መኪናው አሁንም የሚስብ ከሆነ፣ ታንኩ ውስጥም ቢያንስ ሩብ ነዳጅ ካለ፣ ወጣ ብሎ መንዳት ምክንያታዊ ሙከራ ነው። መኪናው ጉልበቱን ከቀነሰ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ራሱ ማቃጠሉን ከልክሎታል፤ ከመጠን ያለፈ ጥላሸት በአንድ ጊዜ ቢቀጣጠል ሴራሚኩን ሊያቀልጥ ወይም ሊሰነጥቅ ስለሚችል። በዚህ ደረጃ መቶ ኪሎ ሜትር መንዳት ነዳጅ ከማባከን በስተቀር የሚፈይደው የለም። ከዚህም ሌላ አመድ አለ፤ አመዱ በአብዛኛው ከሞተር ዘይቱ ውስጥ ካሉ ብረታማ ቅመሞች የሚመጣ ሲሆን በምንም ሙቀት አይቃጠልም።

ጎዳናው ራሱ ችግር የሆነበት ጊዜም አለ። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2022 በቶዮታ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ ከጥቅምት 2015 እስከ ሚያዝያ 2020 ባለው ጊዜ በዚያ አገር ለገበያ የቀረቡ 264,170 ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ መኪኖች ላይ የነበረው የፊልትሮ ሥርዓት በሚጠበቀው የአነዳድ ሁኔታ ሁሉ በአግባቡ እንዲሠራ ሆኖ አለመሠራቱን አረጋግጧል። ብልሽቱ የሚቀሰቀሰው መኪኖቹ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ያለማቋረጥ ሲነዱ ነበር። ለእነዚያ ባለቤቶች «ጎዳና ላይ አውጣው» የሚለው ምክር መድኃኒቱን ሳይሆን መንስኤውን ማዘዝ ነበር።

«ውስጡን አስወጥቶ በሶፍትዌር ማጥፋት ይሻላል»

ፊልትሮውን በርብሮ ባዶ ቆርቆሮውን መልሶ መግጠምና ኮምፒውተሩን እንዳይጠይቅ ማድረግ ለዓመታት የርካሽ መፍትሔ ስም ነበረው። ዛሬ ርካሽነቱ በጣም አጠራጣሪ ነው። በብሪታንያ ከየካቲት 2014 ጀምሮ በዓመታዊው ምርመራ ላይ ፊልትሮው የሌለ መኪና ይወድቃል፤ ከግንቦት 2018 ጀምሮ ደግሞ ፊልትሮ የተገጠመለት መኪና ማንኛውም ዓይነት የሚታይ ጭስ ካወጣ አያልፍም። ፊልትሮው የወጣበት የቤት መኪና የሚነዳ ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። በአሜሪካም የአየር ንጽሕና ሕጉ እነዚህን ክፍሎች መነካካትን ይከለክላል።

ጀርመን ውስጥ የሆነው ለውጥ ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት ይገባዋል። የቀድሞው ምርመራ የጭሱን ጥቁረት ብቻ ስለሚለካ ፊልትሮ አልባ መኪና በደህና ሊያልፍ ይችል ነበር። ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ወዲህ ግን በዩሮ 6 የናፍጣ መኪኖች ላይ በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ጭስ ውስጥ ያለው የብናኝ ቁጥር ይቆጠራል፤ ጣሪያውም 250,000 ነው። ጤነኛ ፊልትሮ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ሲያሳይ፣ የተበረበረው ሊደበቅ አይችልም። ከዚያ በተጨማሪ እንዲህ የተነካካ መኪና የመንገድ ፈቃዱን ያጣል፤ ይህም አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንሱ ጋር ክርክር ያስነሣል።

ሁለተኛ እጅ የናፍጣ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ጥፋት ከሌላ ሰው ሊወርስ ስለሚችል፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በነጭ ሶፍት የጭስ ማውጫውን ጫፍ ከውስጥ በኩል ይጥረገው። ፊልትሮው የሚሠራ መኪና ማውጫ ለዓመታት ተነድቶም ንጹሕ ይሆናል ማለት ይቻላል፤ ሶፍቱ በወፍራም ጥቁር ጥላሸት ከወጣ ፊልትሮው ተሰንጥቋል ወይም ቦታው ላይ የለም።

በመቀየርና በማውጣት መካከል ያለው ሦስተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያስበው መሆኑ ያስገርመኛል። ፊልትሮው ተፈትቶ በምድጃ የሚጋገርበት፣ ከዚያም በአየር ወይም በውሃ ግፊት አመዱ የሚወጣበት የጽዳት ሥራ አለ፤ ዋጋውም ከአዲሱ ዕቃ ጋር አይወዳደርም። ከጽዳቱ በፊትና በኋላ የተመዘነውን ክብደት የሚያሳይ ወረቀት የማይሰጥ ድርጅት ግን ምን እንደሠራ ማወቂያ የለም። ሴራሚኩ ከተሰነጠቀ ወይም ከቀለጠም ጽዳት አያድነውም።

«አድብሉ ዩሪያ ነው፤ በውሃ በጥብጦ መሥራት ይቻላል»

አድብሉ 32.5 ከመቶ ዩሪያና የተቀረው ማዕድኑ የወጣለት ንጹሕ ውሃ መሆኑ እውነት ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዩሪያ ሲባል የሚያስበው ገበሬው እርሻ ላይ የሚበትነውን ነጭ ማዳበሪያ ስለሆነ ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። የማዳበሪያው ፍሬ ግን እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ የሚደረጉ ቅመሞችና ሌሎች ቆሻሻዎች አሉበት፤ የቧንቧ ውሃም ካልሲየም ይዟል። እነዚህ መርጫውን ይደፍናሉ፣ ካታሊስቱ ላይ ተጋግረው ሥራውን ያስቆማሉ። በጥቂት ዩሮ ፈሳሽ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ በሺሕ ዩሮ ካታሊስት ይከፈላል።

አድብሉን ናፍጣ ታንክ ውስጥ የሚጨምሩም አሉ። እንዲህ የሆነበት ሰው ቁልፉን እንኳ ሳይከፍት መኪናውን አስጎትቶ ታንኩን ማስጠረግ አለበት፤ ፓምፑ ከተነሣ ፈሳሹ መላውን የነዳጅ መስመር ይበክላል።

«ከዚህን ያህል ኪሎ ሜትር በኋላ ሞተሩ አይነሣም» የሚለው ዳሽቦርድ ላይ የሚታይ ቆጣሪም የፋብሪካው ክፋት ወይም የሶፍትዌር ብልሽት አይደለም። የአውሮፓ ደንብ አድብሉ ሊያልቅ ቢያንስ 2,400 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥና ሲያልቅም መኪናው እንዳይነሣ የሚያስገድድ ሥርዓት እንዲኖር ያዝዛል። ታንኩ ሞልቶ ሳለ ቆጠራው ከቀጠለ ብልሽቱ ከፓምፑ፣ ከመርጫው ወይም ከኖክስ ሴንሰሩ ዘንድ ሊሆን ይችላል። ፈሳሹ ከዜሮ በታች በ11 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚረጋ ታንኩ ውስጥ ማሞቂያ አለ፤ በክረምት የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ኮዱን ማጥፋት ብቻውን ቆጠራውን አያስቆምም፤ ቁጥሩ ዜሮ ከመድረሱ በፊት ጋራዥ መግባት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

«ዘይት ዘይት ነው»

አይደለም። ፊልትሮ ላለው መኪና አመዱ ዝቅተኛ የሆነ፣ በመመሪያው ላይ የተጠቀሰው ዓይነት ዘይት ብቻ ይጨመር።

«ዋስትናው ካለቀ ሁሉም ከኪስ ነው»

ከመክፈል በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ለአምራቹ ወኪል ሰጥቶ የጥሪ ጥገና መኖሩን ማጣራት ምንም አያስከፍልም። ለምሳሌ ቢኤምደብሊው በ2018 በኢጂአር ማቀዝቀዣ መፍሰስና በዚሁ ምክንያት በሚነሣ እሳት የተነሣ ብዙ የናፍጣ መኪኖችን ለነጻ ጥገና ጠርቷል። በአሜሪካም የፌዴራሉ ሕግ በቤት መኪኖች ላይ ለካታሊስቱና ለዋናው የልቀት መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ዋስትና ያዝዛል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው አጠቃላይ ዋስትና ይረዝማል።

«አውሮፓ ይሠራ ስለነበር አገር ቤትም ይሠራል»

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ብትከለክልም፣ ከዚያ በፊት የገቡት መንገድ ላይ ናቸው። እነዚህ መኪኖች የተሠሩት በአውሮፓ ከ2009 ጀምሮ የሰልፈር መጠኑ ከ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 እጅ) እንዳይበልጥ ለተወሰነ ናፍጣ ነው። ሰልፈሩ ሲበዛ የካታሊስቱን ገጽ ይሸፍናል፣ ፊልትሮው በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ በቀስ ራሱን የሚያጸዳበትን ኬሚካላዊ ሥራ ያዳክማል፣ የሞተር ዘይቱንም ፈጥኖ አሲዳማ ያደርጋል። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በአጭር በአጭሩ የሚሄድ መኪና ላይ ይህ ሲጨመር፣ በአውሮፓ መመሪያ ላይ የተጻፈው 30,000 ኪሎ ሜትር የዘይት መቀየሪያ ርቀት ከዚህ ነዳጅና ከዚህ አነዳድ ጋር አይሄድም፤ ከግማሽ በታች ማውረዱ ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛ ሰው ከሊብሬው ጋር የማሽን ንባብም ይጠይቅ፦ በፊልትሮው ውስጥ ያለው የጥላሸትና የአመድ መጠን ስንት ግራም እንደሆነ፣ የመጨረሻው የተሳካ ሪጄነሬሽን ከስንት ኪሎ ሜትር በፊት እንደተካሄደ በብዙ መኪኖች ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይነበባል። ያ ርቀት እጅግ ረጅም ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም ንባቡ ጭራሽ የማይለወጥ ቁጥር ከሆነ፣ ዋጋው ላይ ከመነጋገር በፊት ጭስ ማውጫውን በሶፍት ጠርጎ ማየት ያስፈልጋል።