የሦስት ተከላካይ አሰላለፍ በፉትቦል ማናጀር

የሦስት ተከላካይ አሰላለፍ በፉትቦል ማናጀር፣ ማለትም ተጫዋቹ አሠልጣኝ ሆኖ ቡድን በሚመራበት የኮምፒውተር ጌም፣ ሦስት የመሀል ተከላካዮችንና በመስመር እየሮጡ የሚያጠቁና የሚከላከሉ ሁለት ተመላላሾችን ይዞ የሚዋቀር የአጨዋወት ሥርዓት ነው። የተለመዱት ቅርፆች 3-5-2፣ 3-4-3 እና 3-4-2-1 ናቸው። ጌሙን የሚሠራው የእንግሊዙ ስፖርትስ ኢንተራክቲቭ ሲሆን፣ በዚህ ስም የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ።

በሜዳ ላይ አሰላለፉ የቆየ ነው፤ አርጀንቲና በ1986 የዓለም ዋንጫን ያነሳችው በ3-5-2 ነበር። ለጌሙ ተጫዋቾች ግን ዋናው ማስተማሪያ የአሠልጣኝ አንቶኒዮ ኮንቴ ቼልሲ ነው። ቼልሲ በሴፕቴምበር 2016 በአርሰናል 3 ለ 0 በተረታበት ጨዋታ ኮንቴ ወደ ሦስት ተከላካይ ዞረ፤ ከዚያ 13 የሊግ ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፎ በ93 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። ቁም ነገሩ በሰው አመራረጡ ላይ ነው። በቀኝ መስመር የተመላለሰው ቪክተር ሞሰስ የክንፍ አጥቂ ነበር፤ ከኋላው የቆመው አዝፒሊኩዌታ ደግሞ የመስመር ተከላካይ። በጌሙም መፈለግ ያለበት እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ሦስት ረጃጅም ግን ዘገምተኛ ተከላካዮች የተደረደሩበት ቡድን በጎኑ ይቀደዳል።

አሰላለፉ ሲሠራ በመጀመሪያ የተመላላሾቹ ቦታ ይታያል። ከመሀል ተከላካዮቹ ጎን ከተቀመጡ አምስት ተከላካይ ይሆናል፤ ሦስት የሚሆነው ከተከላካይ አማካዩ ጋር በሚስተካከለው መስመር ላይ ሲቆሙ ነው። ለተመላላሽ ከ20 ቢያንስ 14 ትንፋሽና ታታሪነት ቢኖረው ይመረጣል። የተጫዋቹን ድካም የሚያሳየው የልብ ምልክት ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካናማ ሲዞር ቶሎ መቀየር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሁለት ተመላላሾች ይኑሩ። በግራ ለሚቆመው የመሀል ተከላካይ ግራ እግረኛ ይመረጣል፤ በቀኝ እግሩ የሚጫወት ከሆነ ኳሱን ለማስተካከል ወደ ውስጥ ሲዞር ጫና ይደርስበታል።

ብዙ ጎል የሚገባው ከተመላላሹ ጀርባ በሚጣል ረጅም ኳስ ነው። እስከ 2024 እትም በነበረው አሠራር፣ ሁለቱም ተመላላሾች የማጥቃት ኃላፊነት ከተሰጣቸው ከሦስቱ የመሀል ተከላካዮች በጎን ያለው ወደ መስመር ይሳብ፣ መሀሉ ላይም ሁለት ሰው ብቻ ይቀር ነበር። አንዱን በማጥቃት፣ ሌላውን በድጋፍ ማሰለፍና የተከላካይ አማካዩን ቦታውን እንዲጠብቅ ማዘዝ ቀዳዳውን ይደፍን ነበር። ሌላው የተለመደ ስህተት መካከለኛውን ተከላካይ ከጓደኞቹ ወደኋላ እንዲቀር አዝዞ የከጨዋታ ውጪ ወጥመድ መጠቀም ነው፤ እሱ ብቻውን ወደኋላ ስለሚቀር የተጋጣሚ አጥቂ ሁልጊዜ በሕጋዊ ቦታ ላይ ይገኛል።

ተጋጣሚ በሁለት አጥቂ ሲመጣ አሰላለፉ በጣም ያዋጣል፤ በአንድ አጥቂና በሁለት የክንፍ ተጫዋቾች ሲመጣ ግን ከኋላ አንድ ሰው ያለ ሥራ ይቆማል።

በ2022 እትም የገባው የጎን መሀል ተከላካይ ሚና ተከላካዩ በመስመር በኩል ወጥቶ እንዲያጠቃ ያስችላል። ድንቅ ጭማሪ ነው፤ ከፊቱ ያለው ተመላላሽ አብሮት ከወጣ ግን አደጋ አለው። በ2026 እትም ኳስ ሲያዝና ሲነጠቅ የሚኖረው አሰላለፍ ለየብቻ ስለሚወሰን፣ ሲከላከል አራት የነበረው መስመር አንዱ የመስመር ተከላካይ ወደ መሀል ገብቶ ኳስ ሲያዝ ሦስት ሊሆን ይችላል።