«አርጉብሊ» ማለት «አከራካሪ» ማለት አይደለም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምርና የሰው ጽሑፍ ሳርም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ፣ የቱሪስት በራሪ ወረቀት፣ ማር ነጋዴ ለውጭ ገዢ የሚልከው ደብዳቤ ይመጣልኛል። ብዙዎቹ ማለት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ነገር ከተነገረለት በላይ ዋጋ አለው»። እንግሊዝኛ ደግሞ ለዚህ በልክ የተሠሩ ቃላት አሉት። እኔ «አርጉብሊ» (arguably)፣ «ፐርሃፕስ» (ምናልባት)፣ «ሜይ» (ሊሆን ይችላል)፣ «ሲምስ» (ይመስላል) ብዬ አስገባለሁ፤ ባለቤቶቹ ሰርዘው ይመልሱልኛል። «አዳከምክብኝ» ይሉኛል። ይህን ስሰማ ስለደከመኝ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ልመልሰው።

የሁሉም ሥር የሆነው ስሕተት ከስልክ መዝገበ ቃላት የሚመጣ ነው። «አርጉ» መከራከር ነው፣ ስለዚህ «አርጉብሊ» አከራካሪ ነው ይላሉ። እነብሴ ሳር ምድር የተወለደ፣ አስጎብኚ መሆን የሚፈልግ አንድ ተማሪ ስለ መርጦ ለማርያም የጻፈውን ገጽ ይዞልኝ መጣ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሲመለስ «መርጦ ለማርያም በዓለም ላይ ታላቋ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ነገር ግን ማንም አያውቃትም» የሚል ነበር። እኔ በቀይ እስክሪብቶ «አርጉብሊ፣ ከሚገባቸው በታች ከተነገረላቸው የአገሪቱ ቅርሶች አንዷ ናት» ወደሚል እንግሊዝኛ ለወጥኩት። ልጁ ሻዩን ትቶ ስልኩን አወጣ፤ ቃሉን ጻፈና ፊቱ ተለወጠ። «ቲቸር፣ ቤተ ክርስቲያኗ ታከራክራለች እንዴ? እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

ድንጋጤው እውነተኛ ነው፤ አልፈርድበትም። የፈረድኩት በመዝገበ ቃላቱ ላይ ነው። «አርጉብል» የሚለው ቅጽል ሁለት ፊት አለው፤ «የሚያከራክር» ማለትም «ተከራክረው ሊያቆሙት የሚቻል» ማለትም ይሆናል። «አርጉብሊ» ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ተናጋሪው ከነገሩ ጎን ቆሟል። «ይህን እላለሁ፤ የምልበት ምክንያትም አለኝ፤ ካላመንክ ጠይቀኝ» ማለቱ ነው። አማርኛው በእጃችን ነበር፤ «ቢባል ያስኬዳል»። ለልጁ ይህን ስነግረው ወዲያው ገባው። «መርጦ ለማርያም ውለታዋ ያልተነገረላት ናት ቢባል ያስኬዳል» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበና ቀና አለ።

ቃሉ ግን ዕዳም ያስከትላል። «ያስኬዳል» ያለ ሰው ማስኬድ አለበት። ከ«አርጉብሊ» ቀጥሎ የሚመጣው «አንደርሬትድ» ወይም «አንደርአፕሪሽዬትድ» (ከሚገባው በታች የተገመተ) የሚለው ቃል በውስጡ ሁለት ነገር ይዟል፤ አንደኛው ነገሩ ዋጋ እንዳለው፣ ሁለተኛው ያ ዋጋ በሆነ ሰው ዘንድ እንዳልተቆጠረ። ሁለቱም ማስረጃ ይፈልጋሉ። ወደ እኔ የሚመጣው ጽሑፍ ሁሉ የመጀመሪያውን በቅጽል ይሞላል፣ ሁለተኛውን ይዘለዋል።

ስለዚህ ልጁን ጠየቅኩት። ዋጋዋ ምንድን ነው? እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፤ የተቀረጸበት ድንጋይ ያለው ፍራሽ ግንብ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ይህ ዋጋ ነው፣ «ታላቅ» የሚል ቃል ሳይጨመርበት። ያልቆጠራትስ ማን ነው? እዚህ ላይ ዝም አለ። መልሱ መንገዱ ላይ ነው። የታሪክ ጎብኚ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር፣ ወደ ላሊበላና ወደ አክሱም ይወጣል። ላሊበላ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። መርጦ ለማርያም ከዚያ መንገድ ውጪ ናት። ያልቆጠራት ጎብኚውና የጉዞ አዘጋጁ ነው፤ አምስት መቶ ዓመት ያስቀደሰባት ሰው አይደለም። «ማንም አያውቃትም» ብሎ ሲጽፍ ግን በየወሩ የማርያም ዕለት የምትሳለመውን እናቱን ራሷን «ማንም» አደረጋት። ይህን ሲረዳ ያንን ዓረፍተ ነገር ራሱ ሰረዘው።

«የተጠራጠረ ቋንቋ ትልቅ ነገር አይሸከምም» የሚሉም አሉ። በሚያዝያ 1953 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቶቹ ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን (የዘር መረጃ የሚይዘውን ሞለኪውል) ቅርጽ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ሲያሳውቁ ጽሑፋቸው አንድ ገጽ ገደማ ነበር። ዘር እንዴት እንደሚባዛ የሚጠቁመውን ግኝት የገለጹት፣ ያቀረቡት የጥንዶች አሰላለፍ ለቅጂው አሠራር ፍንጭ እንደሚሰጥ «ከዓይናችን አላመለጠም» በሚል መንፈስ ነው። ይኸው ነው። «ዓለምን የሚቀይር» አላሉም። በ1962 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙ። ደፋር ቅጽል ካልገባ አንባቢ አያምንም የሚለኝን ተማሪ ይህን አስነብበዋለሁ።

እንደ «አርጉብሊ» እና «ፐርሃፕስ» ያሉ ቃላት በቋንቋ ጥናት «ሄጅ» ይባላሉ፤ ስያሜውን በ1972 እ.ኤ.አ. በሙያው ያስለመደው አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ጆርጅ ላኮፍ ነው። ሄጅ ቁጥቋጦ ተተክሎ የሚታጠር አጥር ነው። መሬቱን ያጠረ ገበሬ ለቀቀ አይባልም፤ እስከየት የእሱ እንደሆነ አሳየ እንጂ።

«ይህ የፈረንጅ ጠባይ ነው፣ ጎጃሜ እንዲህ አይናገርም» የሚለውን ስሰማ ደግሞ ልጅነቴ ይመጣብኛል። አጎቴ ደምበጫ ገበያ የእርሻ በሬ ሲሸጥ አብሬው ቆሜ ነበር። ገዢው ሻኛውን ጨበጥ አደረገ፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ቆጠረ፣ «ሲያርስ እንዴት ነው?» አለ። አጎቴ ዱላውን ተደግፎ «እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ገዢው ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበቱ አልጠየቀም፤ ስለ ዋጋው ብቻ ሆነ። እንግሊዞች «ኖት ባድ» ብለው የሚያመሰግኑት እንዲህ ነው። «ክፉ አይደለም» የምንለው ይኸው ነው።

እግረ መንገዴን ግን፣ ይህን ከቅኔ ጋር የሚያያይዙትም ተሳስተዋል። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ «አርጉብሊ ሰም ነው፣ ወርቁ ሥር ነው» ይሉኛል። ሰም ወርቁን ይሸፍናል፤ ሄጅ ምንም አይሸፍንም። ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንክ ፊት ለፊት ይናገራል።

የቀሩትን በአጭሩ ልበል። «ኢንቫሉዌብል» ዋጋ የሌለው ማለት አይደለም፤ ዋጋ የማይተመንለት ማለት ነው። የማር ነጋዴው ደብዳቤ ላይ ይህን ቃል «ስድብ ነው» ብሎ የሰረዘ ሰው አይቻለሁ።

«ካኖት ቢ አንደርኤስቲሜትድ» የሚለውን ፈረንጆችም ይሳሳቱበታል። ቃል በቃል ሲታይ «ምንም ያህል ብናሳንሰው አይበዛበትም» ይሆናል። ሊሉ የፈለጉት «ሊናቅ አይገባም» ነው፤ «ሹድ ኖት» በሉት፣ ይድናል።

«ኳይት ጉድ» ለእንግሊዛዊ አብዛኛውን ጊዜ «ደህና ነው» ነው፤ ለአሜሪካዊ «በጣም ጥሩ» ነው። ማመልከቻ ላይ አትጻፉት።

«ሂደን ጀም»፣ የተደበቀ ዕንቁ፣ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው። አንድ በራሪ ወረቀት ላይ ጢስ ዓባይን እንዲህ ሲሉት አይቻለሁ። በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ታትሞ በሁላችን ኪስ የዞረ ፏፏቴ ከማን ተደበቀ? የጢስ ዓባይ ችግር አለመታወቅ አይደለም፤ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ሲዞር ፏፏቴው መሳሳቱ ነው። ይህን በእውነት የጻፈ ሰው ጎብኚውን የሚመጣበትን ወቅት ይነግረዋል፤ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ መስከረም አካባቢ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ምክሬን ከሚገባው በላይ የሚወስዱትም አሉ። «ኢት ሜይ ፐርሃፕስ ሲም» ብሎ ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የደረደረ ተማሪ ነበረኝ። አንዱ ይበቃል። የመርጦ ለማርያሙ ልጅ በመጨረሻው ገጹ ላይ የተወው «አርጉብሊ» አንድ ብቻ ነበር፤ ከሥሩ ስለ እሌኒ፣ ስለ ድንጋዩና ስለ መንገዱ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉ።