ላክሪሞሳ፦ እንባ የሞላባት እናት

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ልጇን የቀበረች እናት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታለቅስ አንድ ወንድማችን ጠጋ አለና «እህቴ፣ አማኝ እንዲህ አያለቅስም» አላት። አፏን በነጠላዋ ያዘች። እርሟን እንዳታወጣ ከለከልናት። እኔም ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም በሮማ ካቶሊኮች ዘንድ፣ መስከረም 5፣ እነርሱ መስከረም 4 በሚያከብሩት የመስቀል በዓል ማግስት፣ የሐዘንተኛዋ እመቤታችን በዓል ነው። በዚያ ቀን የሚዜመው ጥንታዊ መዝሙር እመቤታችንን «ላክሪሞሳ» ይላታል። ላክሪማ እንባ ነው። ላክሪሞሳ ደግሞ እንባ የሞላባት።

ይህ ቅጽል ሌላም ትርጉም አለው። የሮማው ባለቅኔ ሆራስ መንገድ ላይ ካደረበት ቤት እርጥብ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ሲነድ ያየውን ጭስ በዚሁ ቃል ይጠራዋል። በእርጥብ እንጨት ያበሰለች ሁሉ ያንን ጭስ ታውቀዋለች። ጭሱ አያለቅስም፤ ያስለቅሳል። የሚያለቅሰውም የሚያስለቅሰውም በላቲን አንድ ስም አላቸው።

እመቤታችንን ሳስብ ሁለቱም ትርጉም ልቤ ውስጥ ይገባል። ስምዖን «በነፍስሽ ሰይፍ ያልፋል» ያላት እናት ናት። ዮሐንስ በመስቀሉ አጠገብ ቆመው ከነበሩት መካከል ይቆጥራታል። መዝሙሩ እንባዋን ይጨምርልናል። ታዲያ የሚዘምረው ሰው ምን ይላታል? «በቃሽ» አይላትም። ከአንቺ ጋር አልቅስ ዘንድ ፍቀጂልኝ ብሎ ይለምናታል።

ወገኖቼ፣ እኛ ሐዘንተኛን «አታልቅሺ» ማለትን ከየት አመጣነው? ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ እንኳ «እንባውን አፈሰሰ» (ዮሐ. 11፥35)። የላቲኑ መጽሐፍ እዚህም ያንኑ የእንባ ቃል ነው የሚጠቀመው፦ ላክሪማቱስ። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች «ተስፋ እንደሌላቸው» አትዘኑ አለ እንጂ ጭራሽ አትዘኑ አላለም። ጥቅሱን ግማሹን ቆርጠን ሐዘንተኛ ላይ መወርወር ጭካኔ ነው። ሌላ ስም አላገኘሁለትም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለትም «አታልቅሺ» ማለት አይደለም።

አንቺ እናት፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ እንባሽ እምነት ማጣት አይደለም። ነጠላሽን ከአፍሽ አንሺው።

የልጇ አርባ እየደረሰ ነው። እሄዳለሁ። የምትመጡ ካላችሁ ጥቅስ ይዛችሁ አትምጡ። የልጁን ስም ጠርታ ስታለቅስ አጠገቧ ተቀመጡ።