ስለ ኤፒክ ፋንታሲ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኤፒክ ፋንታሲ (አስማት ባለበት የፈጠራ ዓለም ውስጥ የሚካሄድ ረጅም ልብ ወለድ) እወዳለሁ ስል ተመሳሳይ አስተያየቶች ደጋግመው ይመጡብኛል። ዘውጉን ገልጠው ከማያውቁ ሰዎችም፣ ከኔ በላይ ካነበቡም። በብዙዎቹ አልስማማም። ለኔ የአንድ ተከታታይ መጽሐፍ መለኪያ ገጸ ባሕርያቱ ለሠሩት ነገር ዋጋ መክፈላቸው ነው።

“ዘንዶና አስማት የልጆች ነገር ነው።”

የዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1916 በሶም ጦርነት ተሰልፏል፤ የቅርብ ጓደኞቹንም በአንደኛው የዓለም ጦርነት አጥቷል። መጽሐፉን አንብባችሁ ከሆነ ጀግናውን ፍሮዶን አስታውሱት። የተሸከመው ክፉ ቀለበት ወድሞ፣ ሰላም ወርዶ፣ አገሩ ገብቶ እንኳን የተወጋበት ቀን በየዓመቱ ሲመጣ ያመዋል። ይሄን ልጅም ሊያነበው ይችላል፤ ክብደቱ የሚገባው ግን ትልቅ ሰው ሲሆን ነው።

“ከቶልኪን በኋላ የመጣው ሁሉ የሱ ቅጂ ነው።”

በፍጹም። የኡርሱላ ለ ጉዊን ኧርዝሲ የተባለው ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲጀምር ጀግናው ጌድ ጠይም ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚያልቀውም በጦር ሜዳ ሳይሆን ከራሱ ጥላ ጋር ሲጋፈጥ ነው። ኤን. ኬ. ጀሚሲን ደግሞ ምድሪቱ ራሷ ሰውን የምትጠላበት ዓለም ጽፋ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ሦስቱም ቅጾቿ በተከታታይ ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድና የፋንታሲ ሽልማት ወስደዋል።

“አስማት ሕጉ ካልተብራራ ደካማ ነው።”

ደራሲው ብራንደን ሳንደርሰን ሚስትቦርን በተባለው ተከታታዩ ላይ ብረት ውጠው ኃይል የሚያገኙ ሰዎችን ሲያሳየን የትኛው ብረት ምን እንደሚያደርግ ቁልጭ አድርጎ ይነግረናል። ደስ ይላል፤ አልክድም። ግን ጌድ በትዕቢት ተነሳስቶ የሞተች ሴት መንፈስ ሊጠራ ሲሞክር ጥላው ወጥቶ ፊቱን ይቦጫጭቀዋል፣ ጥላው የወጣበትን ቀዳዳ የሚዘጋው ታላቁ አስማተኛም በዚያው ይሞታል። የአስማቱ ቀመር አልተነገረኝም። ዋጋውን ግን አየሁት፣ ያ ይበቃኛል።

“ያላለቀ ተከታታይ አይጀመርም።”

ይሄ የመጣው ጌም ኦፍ ትሮንስ የተሠራበትን ተከታታይ በሚጽፈው በጆርጅ አር. አር. ማርቲን ምክንያት ነው። አምስተኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፣ ስድስተኛው እስካሁን የለም። ብስጭቱ ይገባኛል። ግን የመጀመሪያው ቅጽ ላይ ኔድ ስታርክ ሐቀኛ መሆኑ ብቻ ምን እንዳስከፈለው ያነበበ ሰው ጊዜዬ ባከነ ሊል አይችልም። ደግሞ ደራሲው ቢሞትም ሁሌ ተንጠልጥሎ አይቀርም፦ ሮበርት ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ2007 ካረፈ በኋላ ሳንደርሰን ማስታወሻዎቹን ይዞ ጆርዳን የጀመረውን የዘ ዊል ኦፍ ታይምን የመጨረሻ ሦስት ቅጾች ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጨረሻውን፣ አስራ አራተኛውን አወጣ።

“ሮቢን ሆብ ትጎትታለች፤ ጦርነት የለ፣ ምን የለ።”

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም፣ ምክንያቱም ከሁሉም ደራሲ የምመርጣት እሷን ነው። የመጀመሪያዎቹ መጽሐፎቿ ጀግና ፊትዝ የልዑል ዲቃላ ነው፤ በልጅነቱ አምጥተው ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች ያስረክቡታል፣ የፈረስ ጋጣው ኃላፊ ቡሪችም ያሳድገዋል። ያለው ወዳጅ ኖዚ የሚባል ቡችላ ነው፤ በሐሳብ ይገናኛሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ቡችላው ያሸተተውን ልጁም ያሸተዋል። ቡሪች ይሄን ሲደርስበት፣ ነገሩ በዚያ አገር እንደ ነውር ስለሚታይ፣ ቡችላውን ወስዶ ይለየዋል። በቃ። ሰይፍ አልተመዘዘም፣ ግን ልጁ ቡሪችን የሚያይበት ዓይን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይለወጣል፣ ቡሪች ደግሞ የሚወደውን ልጅ ያዳነ መስሎታል። አንባቢ ለሁለቱም ያዝናል። ለኔ ከመቶ ገጽ ውጊያ ይበልጣል። ዘገምተኛ የሚባለውም ይሄው ነው፦ እንዲህ ያለ ቁስል ሲያመረቅዝ ለማሳየት ገጽ ያስፈልጋል።

“ያ ሁሉ ቅጽ መጨረስ አለበት” የሚለው ደግሞ አያስፈራችሁ። የሆብ ዓለም 16 ቅጽ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ግን ራሳቸውን ችለው ያልቃሉ። ከነሱ ጀምሩ፣ ካልጣማችሁ ተዉት።